ባሕር ዳር መንደር ሳለች

ባሕር ዳር ውስጥ ቡናው ቶናን አልፎ በረካ ላይ ሲደርስ ወሬው ወደ ልጅነት ያዘነብላል። ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ የከተማዋ ልጆች ካሉበት ደግሞ ወሬው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጣና ዳር። «ያኔ እኮ ውኃው የማንም አልነበረም» የምትለዋ ንግግር አትቀርም። ልጅ ከብቱን የሚያጠጣበት፣ እናት እንስራዋን የምትሞላበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ታንኳ የሚራገፍበት አንድ ዳርቻ ነበር። አጥር የለም፣ ጠባቂ የለም፣ የመግቢያ ክፍያ የለም።

አጠገባቸው የተቀመጠው የልጅ ልጅ ስልኩን እየነካካ በግማሽ ጆሮው ይሰማል። ለእሱ ጣና ማለት በሁለት ግቢዎች መካከል በምትገኝ ክፍተት የሚታይ ውኃ ነው። የበዓል ቀን ፎቶ የሚነሱበት፣ በዜና ላይ ከእምቦጭ ጋር ስሙ የሚነሳ ሐይቅ ነው። አያትና የልጅ ልጅ የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። የሚያውቁት ሐይቅ ግን አንድ አይደለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ትዝታን የሙዚቃ ቅኝት እስከማድረግ ድረስ እንወደዋለን። እንዘፍነዋለን፣ እናለቅስበታለን፣ በቡና ላይ እናወራዋለን። አንመዘግበውም። ጣናን በተመለከተ ይህ ልማድ ዋጋ እያስከፈለን ነው። ባሕር ዳር መንደር ሳለች ልጅ የነበሩ ሰዎች ከእንግዲህ ብዙ ጊዜ አብረውን አይቆዩም። የሚወስዱት ደግሞ ጣፋጭ ወሬ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ምን ያህል እንደተለወጠ የምናውቅበትን መለኪያም ይዘውት ይሄዳሉ።

*ጊዮርጊስና ዳርቻው*

በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ባሕር ዳር ከ155 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። ከ12 ዓመት በፊት በ1987 ዓ.ም. የተቆጠረው 96 ሺህ ያህል ነበር። ዛሬ ከተማዋን ከፓፒረስ ሰፈር እስከ ጢስ ዓባይ መውጫ የሚዞር ሰው፣ ይህ ሁሉ ቤት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የበቀለ መሆኑን ለማመን ይቸገራል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ቦታው በቤተ ክርስቲያኑ ስም ባሕር ዳር ጊዮርጊስ የሚባል መንደር ነበር። በደብሩ ዙሪያ ካህናትና ገበሬዎች፣ በዳርቻው ደግሞ ታንኳ ሠሪዎቹና ዓሣ አጥማጆቹ የነገደ ወይጦ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ የመንደሩን ጥቅም ወዲያው አየ። ሐይቁ ወደ ጎርጎራና ወደ ጎንደር ያደርሳል፣ ሜዳው አውሮፕላን ያሳርፋል። ወታደር ሰፈረበት፣ ጀልባ ቆመበት፣ መንገድ ወጣለት። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲባረር ግን የቀረችው ባሕር ዳር ከትንሽ የገበያ ከተማ የምታልፍ አልነበረችም።

ስለዚያ ዘመን ጣና በጽሑፍ ያለን አብዛኛው ነገር በውጭ ሰው እጅ የተጻፈ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በዚህ በኩል አልፏል። ከእሱ በኋላ ከመጡት መካከል ዳንግላ ላይ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማን ይጠቀሳል። ሐይቁን ዞሮ፣ ደሴቶቹንና ገዳማቱን አይቶ፣ ዓባይን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። ትጋቱ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ የእንግሊዝ ቆንስል ዳንግላ ላይ ዓመታት ሙሉ ምን ያደርግ ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንግሊዝ በ1902 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል፣ ያለ እሷና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ግንባታ እንዳይሠራ አስገብታ ነበር። ከዚያ በኋላም ስለ ጣና ግድብ የተካሄደው ድርድር ዓመታት ፈጅቷል። ለእንግሊዝ መንግሥት ጣና የሱዳንን ጥጥ የሚያጠጣ ማጠራቀሚያ ነበር።

ስለዚህ የውኃው ከፍታ ተለካ፣ የደሴቶቹ ስም ተጻፈ። የዳርቻው ልጅ ጠዋት ተነሥቶ የት እንደሚሄድ የጠየቀ አልነበረም።

*የሐይቅ ልጅ ዓመት*

የዚያን ልጅ ዓመት ከሽማግሌዎች ወሬ መልሶ መሰብሰብ ይቻላል። ከዳር እስከ ዳር የሚያመሳስለው ነገር ብዙ ነውና።

ዓመቱ የሚጀምረው ከጳጉሜ ነው። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ይነቅላሉ፣ አደይ አበባ ይለቅማሉ። ከዚያ በፊት ነሐሴ ላይ ወንዶቹ በጅራፍ ጩኸት ቡሄን አድምቀው፣ ሆያ ሆዬ ብለው፣ ሙልሙል ዳቦ ሰብስበው ጨርሰዋል። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ለከብት ለምለም ሣር፣ ለገበሬ ርጥብ መሬት ትቶ ይሄዳል። እረኛ ልጅ ይህን ዑደት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። የትኛው ጉድጓድ እስከ መቼ ውኃ እንደሚይዝ፣ ጉማሬ ማታ በየት በኩል ወጥቶ እንደሚግጥ፣ በየትኛው ወር አጋም እንደሚበስል፣ የዋንዛ ፍሬ የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚጣፍጥ ያውቃል።

የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ የደረሰው ልጅ ደግሞ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ በርትቶ ዳዊት ከደገመ እንደ ሊቅ ይታያል። ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ውሻ ያባርረዋል፣ ልጆች ይከተሉታል፣ እናቶች ቁራሽ የዳጉሳ እንጀራ ይሰጡታል።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ለዳርቻ ልጅ ከበዓል አያንስም። ከዘጌ ታንኳዎች እንጨትና ቡና ጭነው ይመጣሉ። ዘጌ በራሷ ለልጅ ተረት የምትመስል አገር ነበረች። በሬ የማይጠመድባት፣ ከብት የማይረባባት፣ ሰው ከቡናና ከጌሾ የሚኖርባት ጫካ ናት። ቡናውን ያበቀሉት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው የሚለውን ትውፊት የዳርቻው ልጅ ሁሉ ሰምቶ ያድጋል።

ታንኳው ራሱ ትምህርት ነበር። ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ይጠመራል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል። ምስማር የለበትም። ሲሠራ ቀላል፣ ሲከርም ውኃ የሚጠጣና የሚከብድ ነው። ስለዚህ ከአገልግሎት በኋላ ከውኃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። አባት ሲሠራ ልጅ ያያል፣ ያቀብላል፣ አንድ ቀን ራሱ ያስራል። ጥሩ ደንገል የሚበቅልበትን ቦታ የማያውቅ ታንኳ ሠሪ የለም።

በዚያ ዘመን ትንሽ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ስለዚህ ሁሉ ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ሊያምኑት የሚገባም ነው። ደስታው እውነተኛ ነበር።

*ፋብሪካው ሲመጣ*

መንደሩን ወደ ከተማ የለወጠው ጊዜ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1964 የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ድልድይ ቆመ፤ ከ60 ዓመት በላይ አገልግሎ ግንቦት 2016 ዓ.ም. አጠገቡ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ ተመረቀ። በጀርመናዊው ማክስ ጉተር የሚመራ ቡድን ለከተማዋ ማስተር ፕላን ሠራ። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶች የዚያ ዘመን አሳብ ልጆች ናቸው። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ተሠራ።

አስቡት፤ በ1953 ዓ.ም. የ15 ዓመት እረኛ የነበረ ልጅ በ20 ዓመቱ የፈረቃ ሠራተኛ መሆን ይችል ነበር። በፀሐይና በደወል ሲመራ ያደገ ሰው በሰዓት መመራት ጀመረ። እናቱ በእጇ ከምትፈትለው ጥጥ ጎን ማሽን የሚፈትለው ክር መጣ። ለኩራዝ ጭስ የለመደ ዓይን አምፖል አየ። የገጠር ልጅ ደመወዝ ተቀብሎ ጫማ ገዛ።

ይህ ትውልድ ሁለቱንም ባሕር ዳሮች ያየ ብቸኛ ትውልድ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ከተማዋን ሳያዩ አልፈዋል። ከእሱ በኋላ የመጡት መንደሯን አያውቋትም። በ1953 ዓ.ም. 15 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ሰማንያ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

*ድርቆሹን ያጨዱትን ጠይቁ*

ይህ ዓይነት ትውልድ በሌላም አገር ነበረ። የአፍሪካን ሐይቅ ለውኃው ሲሉ የለኩት እንግሊዞች የራሳቸውን መንደር በተመለከተ ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል።

ጆርጅ ኢዋርት ኢቫንስ የሚባል የዌልስ ሰው በሰፎክ አውራጃ ብላክሶል በምትባል መንደር ይኖር ነበር። ባለቤቱ የመንደሩ መምህርት ነበረች። ጎረቤቶቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተወለዱ እረኞችና የእርሻ ሠራተኞች ነበሩ። ኢቫንስ እነዚህ ሰዎች በእጅና በፈረስ ያረሱ የመጨረሻዎቹ መሆናቸውን፣ ትራክተሩ ከመጣ በኋላ የሚያውቁትን ሥራና ቃል የሚያውቅ ሰው እንደማይኖር ተረዳ። ተቀምጦ ጠየቃቸው። በምን አጨዳችሁ? ስንት ትበሉ ነበር? መሣሪያው ስሙ ማን ነበር? መልሳቸውን እ.ኤ.አ. በ1956 «ድርቆሹን ያጨዱትን ጠይቁ» በሚል ርዕስ አሳተመ። መጽሐፉ ለእንግሊዝ የቃል ታሪክ ጥናት መሠረት ከጣሉት አንዱ ሆነ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሎሪ ሊ «ሲደር ዊዝ ሮዚ» በተባለው መጽሐፉ ስላድ በተባለች መንደር ያሳለፈውን ልጅነት ጻፈ። መኪና ገና ያልደረሰባትን፣ የሰው ሁሉ ፍጥነት የፈረስ ፍጥነት የነበረባትን መንደር። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ሮናልድ ብላይዝ «ኤክንፊልድ» ብሎ ስሟን በቀየረላት የሰፎክ መንደር ገበሬውን፣ አንጥረኛውን፣ መቃብር ቆፋሪውን ሳይቀር በራሳቸው አንደበት አናገረ። አንባቢ የመንደር ውበት ሊያነብ ከፍቶት ረኀብን፣ ድካምንና የጌቶችን ጭካኔ አገኘበት። መጽሐፉን ዋጋ ያለው ያደረገውም ይኸው ነው።

የእኛስ ቤት ባዶ ነው? አይደለም። ፀሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳተሙት። የአንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ተማሪነት፣ ስደት፣ ቀልድና የዘመኑ ወሬ በንግግር ቋንቋ ቀረልን። ከኢቫንስ መጽሐፍ የሚለየው 11 ዓመት ብቻ ነው። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁም «ትዝታ» በሚል ርዕስ የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈዋል። መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ያልተደረገው ነገር መንገዱን ወደ ታች መቀጠል ነው፤ ከሊቅና ከሚኒስትር አልፎ ታንኳ ሠሪውን፣ ጠላ ጠማቂዋን፣ የፈረቃ ሠራተኛውን መጠየቅ።

*ትዝታ የሚዘለው*

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በቡና ላይ የሚወራው ትዝታ ሁሉ ሙሉ አይደለም።

«ያኔ በሽታ አልነበረም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ነበር። በሐይቁ ሰሜን በደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ መነሻ ይህ ዕልቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወባ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ተዛምቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳመመና 150 ሺህ ያህል እንደገደለ ተገምቷል። «ሁላችን አብረን አደግን» የሚሉት ሰዎች ያደጉት ልጆች ናቸው። ያላደጉት አይናገሩም።

ልጆች ሲዋኙበት የዋሉት ያ ንጹሕ የሚባለው ውኃም ቢልሃርዝያ ነበረበት። አሁንም አለበት።

«ሁላችን እኩል ነበርን» የሚለውም ይመርመር። የታንኳው ትዝታ የሁሉም ሲሆን፣ የታንኳ ሠሪው ትዝታ ግን ለብቻው ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠየፋቸው ነበር። ሙስሊም ነን ቢሉም በሌላው ሙስሊም ዘንድ ሙሉ ተቀባይነት አልነበራቸውም። ከእነሱ ጋር መብላት ነውር፣ መጋባት የማይታሰብ ነበር። የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው የጥንት ተጓዦች ጽፈዋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን አጥኚዎች ሲደርሱ አማርኛ ብቻ ሲናገሩ አገኟቸው። ከተማዋ ስትሰፋ ደግሞ ከዳርቻው እየተገፉ ወደ ኋላ ሄዱ። «ውኃው የማንም አልነበረም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በእነሱ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ የጠየቃቸው ጥቂት ነው። ለሌላው ማንም ያልያዘው የነበረው ዳርቻ ለእነሱ ቤት ነበር።

የሴት ልጅ ትዝታም ከወንዱ ይለያል። ወንዱ ሲዋኝ እሷ እንስራ ተሸክማ ወደ ቤት ትመለሳለች። ወንዱ ከአባቱ ጋር ክብራን ገብርኤልን ወይም ዳጋ እስጢፋኖስን ሲሳለም፣ ገዳሙ ለሴት የተከለከለ ስለሆነ እሷ ከሩቅ ታያለች። ልጅነቱም ያጥራል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተደረጉ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በአማራ ክልል የሴቶች መካከለኛ የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ ከ15 ዓመት በታች መሆኑን አሳይተዋል። ለብዙ አያቶች «ልጅ ሳለሁ» የሚለው ታሪክ በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ ሦስት ዓመት ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው የምራት ታሪክ ነው።

ይህን ማንሣት ትዝታውን ለማርከስ አይደለም። ጣፋጩን ብቻ የሚያወራ ትዝታ ማንንም አያስተምርም፤ ልጅ ልጁም «አያቴ ያጋንናሉ» ብሎ ይተወዋል። መራራው ሲጨመርበት ጣፋጩም ይታመናል።

*መለኪያው ሲጠፋ*

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ። የሽማግሌ ወሬ ለሳይንስ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ዓሣው ላይ አለ።

ጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ተለይተዋል። በርከት ያሉት ክረምት ሲመጣ ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። የዳርቻ ሰው ይህን ከተመራማሪ በፊት ያውቅ ነበር። በወንዙ አፍ ብርብራ ወቅጦ በመበተን ዓሣውን አደንዝዞ ይሰበስብ የነበረው እኮ ጊዜውንና ቦታውን ስለሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዳውያን ድጋፍ በተጀመረ ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች ብዛት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት 75 በመቶ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋገጡ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ቆጠራ የተጀመረው መረቡ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሐይቁ ውስጥ ምን ያህል ዓሣ እንደነበር የሚናገር መዝገብ የለም። ያለው የሰው ትውስታ ብቻ ነው።

ካናዳ የሚኖረው የዓሣ ሀብት ተመራማሪ ዳንኤል ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለዚህ ነገር አጭር ጽሑፍ ጽፏል። አሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ትውልድ በወጣትነቱ ያየውን ባሕር «ትክክለኛው» ብሎ ይይዛል፤ ጉዳቱን ከዚያ ጀምሮ ይቆጥራል። የሚቀጥለው ትውልድ ደግሞ ከተጎዳው ይጀምራል። መነሻው በየትውልዱ እየወረደ ይሄዳል፣ ማንም ግን መውረዱን አያይም። ፖሊ ያቀረበው መፍትሔ የድሮ ወሬን፣ የአዛውንት አጥማጆችን ምስክርነት እንደ ማስረጃ መቁጠር ነበር።

ጣና የዚህ በሽታ ሕያው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የሐይቁ ውኃ አወጣጥ በሰው እጅ ገባ፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም በብዙ ወራት ቀጠነ። ዛሬ ፏፏቴውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ወጣት «ይህ ነው እንዴ?» ይላል። አያቱ ግን ጭሱን ከሩቅ አይተው ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 እምቦጭ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሲታይ አገር ተረበሸ። በየጊዜው በዘመቻ ታጨደ። ዛሬ አሥር ዓመት የሞላው የደምቢያ ልጅ ግን እምቦጭ የሌለበትን ዳርቻ አያውቅም። ለእሱ እምቦጭ መጤ አረም አይደለም፣ የሐይቁ አካል ነው። ደንገሉም እንዲሁ ነው። ታንኳ ሠሪው ያጭድበት የነበረው ረግረግ በብዙ ቦታ እርሻ ሆኗል፣ ግቢ ሆኗል። ደንገል ያላየበት ቦታ ደንገል ይመለስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣና ሐይቅን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። መዝገቡ ግን የሚጠብቀው ያለውን ነው። የነበረውን የሚያውቁት ቡና ላይ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።

*ማን ይጠይቅ?*

ሥራው ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። የኢቫንስ ጊዜ መቅረጫ ከባድ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጁ እጅ ላይ ያለው ስልክ ይበቃል። የሚያስፈልገው ጥያቄው ነው። «ድሮ እንዴት ነበር?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ጥሩ ነበር» ይላል። «ውኃው ክረምት ላይ እስከ የትኛው ዛፍ ይደርስ ነበር? ደንገል የሚታጨደው በየት በኩል ነበር? አምባዛና ቆሮሶ በስንት ይሸጥ ነበር? እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ሳለ ተዳሩ? ከወንድምና ከእህትዎ ስንቱ በወባ ሞቱ? ከታንኳ ሠሪው ልጅ ጋር ትጫወቱ ነበር? እናትዎ ምን ይሉ ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ታሪክ ይወጣል።

በከተማዋ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። መሠረቱም እነዚያው የፖሊ ቴክኒክና የመምህራን ትምህርት ተቋማት ናቸው። የታሪክ፣ የፎክሎር፣ የዓሣ ሀብት ተማሪዎች አሉት። አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት አሥር አዛውንት ቢያነጋግር የአንድ ክፍል ተማሪዎች ብቻ መቶዎችን ይደርሳሉ። ትምህርት ቤቶችም ይችላሉ። የደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤትም፣ መስጊዱም፣ ዕድሩም ይችላል።

ቢቻል ግን ዛሬ። ምክንያቱ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተቀጣጠለው ግጭት ብዙ የሐይቁ ዙሪያ መንደሮች እንደልብ የሚሄዱባቸው መሆናቸው ቀርቷል። መንገድ ሲዘጋ ሽማግሌ ጋር መድረስም ይዘጋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጠያቂው ልጅም ይበተናል። የዚህ ዘመን ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ትዝታ እያጠራቀሙ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ በረካው ላይ ሲቀመጡ ስለ አጋምና ስለ ዋንዛ ያወሩ ይሆን ወይስ ስለ ጥይት ድምፅና ስለ ተዘጋ ትምህርት ቤት? መልሱ በአብዛኛው በዛሬ አዋቂዎች እጅ ነው።

ያ ስልኩን የሚነካካው የልጅ ልጅ እስከዚያው አንድ ነገር ማድረግ ይችላል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መቅጃውን ይክፈት። ከዚያ አያቱን «ውኃው እስከ የት ነበር?» ብሎ ይጠይቃቸው።

ቀሪውን እሳቸው ያውቁታል።